ድልድዩና ቆጠራው፦ የቴፒ መንገድ ጉዞዬ

በየቤቱ ስገባ «ሚዛን ተፈሪ ደርሰህ መጣህ አሉ፤ እስቲ አገሩ እንዴት ነው?» ትሉኛላችሁ። አንዱን ወሬ ሃያ ጊዜ እየደጋገምኩ ምላሴ ሊዝል ስለሆነ ይኸው ጻፍኩት፤ እየተቀባበላችሁ አንብቡት። ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የአንበሳና የዝሆን ወሬ የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ተውት። እኔ ያየሁት ጭቃ፣ ብረትና ሰው ነው። ሰውን ግን አይቻለሁ፤ በደንብ ነው ያየሁት።

ሥራዬን ታውቃላችሁ። በመሐንዲስ ጦር መምሪያ መዝገብ ቤት ወረቀት የማገላብጥ ሃምሳ አለቃ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ወታደር ስባል ጫማዬ ጭቃ ነክቶት አያውቅም። ሆዴም እንደምታውቁት ነው፤ ቀበቶዬን በየዓመቱ አንድ ቀዳዳ አስጨምራለሁ። በአንድ ነገር ግን አልታማም፤ የተሳሳተ ቁጥር በእጄ አልፎ አያውቅም።

አንድ ዓርብ ቀን አለቃዬ ሻለቃው ጠሩኝ። «ሚዛን ተፈሪና ቴፒ መካከል ያለውን ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል» አሉኝ። «ከወንዙ ማዶ ከጠረፍ የተነሡ ወታደሮች በወባ እየተንቀጠቀጡ መኪና ላይ ቀርተዋል። ድልድዩን እንዲዘረጋ የላክነው የመቶ አለቃ ታደሰን መቶ ነው።»

መቶ ይባል እንጂ አርባ የማይሞላ ሰው ነው። ስማቸውን በወረቀት አውቀዋለሁ። ሰሜን ግንባር አንድ ወንዝ ላይ ድልድይ ሲዘረጉ መድፍ ሲወርድባቸው ዕቃቸውን ጥለው የተበታተኑ ናቸው።

«እስከ መጪው ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ ካልዘረጉት መቶው ይፈርሳል፤ ሰዎቹን ለየእግረኛው ጦር እናከፋፍላቸዋለን» አሉ ሻለቃው። «ቢዘረጉትም ሥነ ሥርዓት ከሌላቸው ማፍረሱ አይቀርም። ሄደህ እይና ጻፍልኝ። የምፈርመው ባንተ ጽሑፍ ላይ ነው።»

ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ሥነ ሥርዓት ማለት ለእኔ ሰላምታ፣ የተወለወለ ጫማና የተቆለፈ አዝራር ነበር። ይህን ለማየት ደግሞ ሁለት ዓይን ይበቃል።

ቅዳሜ። መድኃኒትና ስንቅ በጫነ ኡራል መኪና ከአዲስ አበባ ወጣን። ሾፌሩ ከበደ የሚባል፣ መኪናውን «አንቺ» እያለ የሚያናግር፣ የሚቆጣትና የሚለማመጣት ሰው ነው። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ካፖርቴን አወለቅሁ፤ ቀጥዬ ሹራቤን፣ ቀጥዬ ኮቴን። «ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ጅማ ሳንደርስ ራቁትዎን እንዳይቀሩ» አለኝ። የደብረ ብርሃን ሰው መሆኔን በምን አወቀብኝ! ጅማ ያደርንበት ሆቴል ትኋን ነበረው። ባለቤቷ ግን አልጋዬን ፀሐይ ላይ አውጥታ በፈላ ውሃ ካጠበችው በኋላ «ይቅርታ ልጄ» እያለች የራሷን ፍራሽ ሰጠችኝ። እናታችሁ የሆነች ነው የሚመስላችሁ። ሒሳብ ላይ ስለ ፍራሹ አንድም ቃል አላነሣችም።

እሑድ። ጎጀብን ተሻግረን ቦንጋ አደርን። ከጎጀብ ወዲያ ያለውን ነገር እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። እኛ ዘንድ ዛፍ ማለት ሰው ተክሎ፣ አጥሮ፣ ከከብት ጠብቆ የሚያሳድገው ነገር ነው። እዚያ ግን ዛፉ ነው ሰውን ያጠረው። ዝናቡም ወር አይጠብቅም፤ እንደኛ አገር በሰኔ መጥቶ በመስከረም የሚሰናበት እንዳይመስላችሁ። ከዛፉ ሥር የበቀለው ደግሞ ቡና ነው። ማን ተከለው ብትሉ ማንም፤ እንዲሁ እንደ ቁጥቋጦ በቅሏል። እኛ በስኒ የምንሰፍረውን ሰዎቹ በእግራቸው እየገፉ ያልፉታል።

ሰኞ። ሸዋ ቤንች አጠገብ መኪናችን እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ ገባች። ከበደ ለመናት፣ ሰደባት፣ እንደገና ለመናት። እኔ ጫማዬን ላለማበላሸት ከላይ ተቀምጬ ሳዝዝ ሃያ የሚሆኑ ገበሬዎች ከቡናው ውስጥ ወጡ። ማንም አልጠራቸውም። ገመድ አሰሩና ጎትተው አወጡን። ሊሄዱ ሲሉ አንዱ ሽማግሌ ቀና ብሎ አየኝና «አንተ ባትኖር ቀለል ትል ነበር» አለኝ። ከበደ እስከ ሚዛን ተፈሪ ድረስ ሲስቅ ሄደ። ሚዛን ተፈሪ ላይ አናናስ በላን። እንደዚያ ያለ አናናስ ደብረ ብርሃን ቢመጣ ሰው በሰልፍ ነበር የሚቀምሰው።

ማክሰኞ። ወንዙ ደረስን። ስሙን ያገሩ ሰዎች ሦስት ጊዜ ነግረውኛል፤ ባፌ አልገባ ስላለኝ ወንዙ ብዬ ተውኩት። ከድሮው ድልድይ የቀሩት ሁለት ግንቦች ብቻ ናቸው። ማዶ አራት መኪናዎች ተደርድረዋል፤ ከሸራቸው ሥር ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሰዎች ይታያሉ። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ! በገመድ የተንጠለጠለ ቅርጫት ትንሽ ትንሽ ምግብ ያሻግርላቸዋል። መኪናዋ የጫነችው መድኃኒት ግን በቅርጫት የሚያልቅ አይደለም፤ ታማሚውም በቅርጫት አይመጣም።

ወዲህ ማዶ የታደሰ መቶ እየሠራ ነበር። ደብተሬን አወጣሁ። ሰላምታ የሰጠኝ የለም። ልብሳቸው ጭቃ፣ አዝራራቸው ግማሽ። ስድስት ሰዎች ለድልድዩ የሚገጣጠም የብረት ፍርግርግ ተሸክመው ሲያልፉ «አዛዣችሁ የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከስድስቱ አንዱ «እኔ ነኝ፤ ይህን ላስቀምጥና እመጣለሁ» አለኝ። ወይ ጉድ! የመቶ አለቃ ታደሰ ማለት አጭር፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው በብረት የተላጠ ሰውዬ ነው። ወታደሮቹ «ጋሼ» ይሉታል። «ጓድ የመቶ አለቃ» ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም። ሁሉንም ጻፍኩ።

ምሳ ሰዓት ድስቱ መጣ፤ ነገር ግን ማንም እጁን አልሰደደም። ክብ ሠርተው ቆሙና ቆጠራ ጀመሩ። «አንድ!» «ሁለት!» «ሦስት!» እያሉ እስከ አሥራ ሦስት ሄዱ። አሥራ አራት ላይ ጸጥ አለ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየና «አሥራ አምስት!» ብሎ ሌላው ቀጠለ። ሠላሳ ስምንት ላይ አለቀ። ከዚያ ተቀምጠው በሉ፤ ታደሰ ከሁሉ በኋላ የድስቱን ግርጌ በላ።

አያችሁ፣ በቁጥር እኔን ማታለል አይቻልም። «አሥራ አራተኛው ሰው የለም። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም። አዛዡ ይሸፍናል» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። የልቤን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ሥራዬ በአንድ ቀን ያለቀ መሰለኝ።

ድንኳናቸው ስለሚያፈስ እኔን ያሳደሩኝ አቶ ያዕቆብ የሚባሉ የቤንች ገበሬ ቤት ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ ጴንጤዎች ናቸው፤ ምግብ ሲቀርብ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጸሎት ያደርሳሉ። እኔ በመሃል ዓይኔን ገልጬ ድስቱን ሳይ አቶ ያዕቆብም ገልጠው እኔን ሲያዩ ተገጣጠምን። ሁለታችንም ቶሎ ጨፈንን።

ረቡዕ። ያን ፍርግርግ ብረት ስድስት ሰው ነው የሚሸከመው። አንዱ ቢሰናከል የአምስቱ ጣት ይቀጠቀጣል። ስለዚህ እግራቸውን አንድ ላይ ያነሣሉ፣ አንድ ላይ ይጥላሉ፤ የሚያዝዛቸው የለም። አሥር አለቃ ሐሰን የሚባል የጅማ ልጅ፣ ድምፁ እንደ ነጋሪት የሆነ፣ አንዳንዴ «ኧረ ቀስ፣ ሙሽራ ነው የያዝነው!» ይላል፤ ይስቃሉ፤ እግራቸው ግን አይሳሳትም። ይህንንም አየሁ። ግን አልጻፍኩትም፤ ምን ብዬ እንደምጽፈው አላወቅሁም።

እኩለ ቀን ላይ ወይዘሮ ማርታ «ና ቅመስ» ብለው ጠሩኝ። መቅመስ ያሉት የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ፣ ከዚያ ማር ከነሰፈፉ፣ ከዚያ ደግሞ ጨሞ ነው። ጨሞ ማለት በቡና ቅጠል የሚፈላ፣ ዝንጅብልና ቃሪያ የገባበት ትኩስ ነገር ነው። ቅጠሉ! ፍሬውን ለገበያ፣ ቅጠሉን ለራሳቸው። መጀመሪያ አፌን አቃጠለኝ፤ አራተኛውን ቅል የጠየቅሁት ግን እኔ ራሴ ነኝ። ጨዋታው ጥሞኝ ስመለስ ከስምንት ሰዓት አልፎ ነበር።

ሰፈሩ ስደርስ መቶው በሙሉ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ድስቱ እንደተከደነ ነው።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩ።

«አንተን እየጠበቅን ነው» አለ ሐሰን። «ሰው ጎድሎ አንበላም።»

«እኔ ከናንተ አይደለሁም እኮ!»

«ጠዋት እዚህ ነበርክ። የት እንደገባህ የሚያውቅ ደግሞ አልነበረም።»

ከንጋት ጀምሮ ብረት የተሸከሙ ሰዎች ናቸው፤ አንዱም ፊቱን አላጠቆረብኝም። ማሩ ገና ጢሜ ላይ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ይባስ ብሎ ድስቱ ተከፍቶ መጀመሪያ የተሰጠው ለእኔ ነው። በልቻለሁ ማለት አፈርኩና በጎደሬው ላይ የቀዘቀዘ ምስር ጨመርኩበት። ሆዴ ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ተቀጥቶ አያውቅም።

ሰው ሲያፍር ይቆጣል መሰለኝ፣ ወዲያው ወደ ሐሰን ዞርኩ። «እኔን አንዱን ለዚህ ያህል ከጠበቃችሁ፣ አሥራ አራተኛውን ለምን አትጠብቁትም? ከትናንት ጀምሮ ቆጠራ ላይ የለም!»

ሐሰን እጁን ታጥቦ ሲጨርስ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ደምሴ ይባላል» አለኝ። «ሰሜን፣ ያን ቀን ድልድዩን በገመድ የያዝነው አሥር ሰዎች ነበርን። መድፉ ሲወርድ ሁሉም ነፍሴን ብሎ ሮጠ፤ እኔም ሮጥኩ። ደምሴ ገመዱን አለቀቀም፤ እኛ መልቀቃችንን አላወቀም። ወንዙ ድልድዩን ሲወስድ እሱንም ይዞት ሄደ። ዋናው ነገር እሱ አይደለም ጓድ ሃምሳ አለቃ። ዋናው፣ አለመኖሩን ያወቅነው በማግስቱ ነው። ምሳ በልተናል፣ እራት በልተናል፣ ተኝተናል። ማንም ማንንም አልቆጠረም።»

«ጋሼ ታደሰ ከዚያ ወዲህ ለማንም ቅጣት ሰጥቶ አያውቅም» አለ። «ቁጠሩ ብቻ ነው ያለን። የደምሴን ቁጥር ለማንም አንሰጥም። ብንበተን እሱን የሚቆጥረው ማነው?»

ደብተሬን ዘጋሁት። ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሞተን ሰው ስም በቀይ ቀለም ስሰርዝ ነው የኖርኩት።

ሐሙስ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የተጋጠመውን ድልድይ እንደ ጎማ በሚሽከረከር ጥቅልል ብረት ላይ አስቀምጠው ወደ ወንዙ መግፋት ጀመሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድልድዩ ማዶ እስኪደርስ የሚደግፈው ነገር የለም፤ ባየር ላይ ነው የሚሄደው። እንዳይዘቀዘቅ የኋላው ከፊቱ መክበድ አለበት። አቶ ያዕቆብ ዝናብ እየመታቸው ወንዙን ሲያዩ ቆዩና ታደሰን «ቀይ ሲሆን ይጮኻል እንጂ አይጎዳም። ጥቁር ሲሆን ነው ዳሩን የሚበላው። ነገ ጥቁር ይሆናል» አሉት። ከዚያ ሳይለመኑ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ግንድ ሊቆርጡ ሄዱ።

ዓርብ። ወንዙ ጥቁር ሆኖ አደረ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ግን ሥራው ያምር ነበር፤ የድልድዩ አፍንጫ ከማዶው ግንብ ስምንት ክንድ ያህል ቀርቶታል። ማዶ ያሉት ታማሚዎች ከሸራ ሥር ወጥተው ቆመዋል።

ድንገት ከፊተኛው ጥቅልል ብረት ሥር መሬቱ ተናደ። አፍንጫው ወደ ውሃው ዘቀጠ፤ ጅራቱ፣ ወዲህ ያለው ጫፍ፣ ካለበት ተነሣ።

«ጅራቱ ላይ!» አለ ታደሰ። ሃያ ሰዎች ዘለው ጅራቱ ላይ ቆሙ። የቀሩት ግንድ ተሸክመው ከድልድዩ ሥር ገቡ፤ ግንዱ ላይ ብረቱን ሊያሳርፉ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከላይ ያሉት ፈርተው ቢዘሉ ብረቱ በሙሉ የሚወርደው ከታች ያሉት ላይ ነው። ከታች ያሉት ደግሞ ከላይ ማን እንዳለ አያዩም። ያው የሰሜኑ ቀን መጣ በሏ! ጭንቅላቴን ይዤ ቀረሁ።

ታደሰ ራሱ ከታች፣ ጭቃው ውስጥ ነበር። «ቁጠሩ!» አለ።

«አንድ!» ከታች። «ሁለት!» ከላይ። «ሦስት!» ከላይ። «አራት!» ከታች። ቁጥሩ ሲወጣ ሲወርድ ገባኝ፤ እያንዳንዱ ቁጥር «አለሁ፣ አልሮጥኩም» ማለት ነው። አሥራ ሦስት ተባለ። የደምሴ ጸጥታ መጣ፤ ወንዙ ብቻ ጮኸ። «አሥራ አምስት!» አለ ሐሰን ከላይ። ሠላሳ ስምንት ላይ ደርሰው እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

ጅራቱ ግን አሁንም ቀስ እያለ ይነሣ ነበር። ከታች ያሉት ሁሉ እጃቸው ተይዟል፤ ገበሬዎቹም ግንድ ላይ ናቸው። «ክብደት ጨምሩ! አንድ ሰው!» የሚል የታደሰ ድምፅ ሰማሁ።

እኔ ከዛፍ ሥር ደብተር ይዤ ቆሜአለሁ። አንድ ሰው ማለት እኔ ነኝ። ደብተሩን የት እንደጣልኩት አላውቅም፤ በዚያ ጭቃ እንዴት እንደሮጥኩም አላውቅም። ሐሰን እጁን ዘረጋልኝና «ና ወንድሜ! ይህ ሆድ የተፈጠረው ለዛሬ ነው!» ብሎ ጎተተኝ። ጅራቱ ላይ ስቆም፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሲወርድ ተሰማኝ። በሆዴ ስትስቁ የኖራችሁ ሁሉ ይህን አንብቡ!

ቆጠራው ዞሮ መጣ። ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ ስምንት። ከዚያ ማንም ከአንድ አልጀመረም። ሐሰን በክርኑ ጎሸመኝ። «በል እንጂ!»

«ሠላሳ ዘጠኝ!» አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ቀጠነ።

«አንድ!» አለ ታደሰ ከታች፣ ወዲያው።

ስንት ዙር እንደቆጠርን እንጃ፤ ግን ማንም አልዘለለም። ግንዱ ገባ፣ ብረቱ አረፈ። «ግፉ!» ተባለ። ወረድንና ወታደሩም ገበሬውም እኔም ገፋን። አፍንጫው ማዶ ግንብ ላይ «ድም!» ብሎ ሲቀመጥ ያገኘሁትን ሰው አቀፍኩ፤ አቶ ያዕቆብ ነበሩ። እልልታውን ወይዘሮ ማርታ ጀመሩት፤ ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ማዶ የቆሙት ታማሚዎች ብርድ ልብሳቸውን እያውለበለቡ አለቀሱ። ሰዓቴን ሳይ አምስት ተኩል ይላል።

ከበደ መኪናዋን «ነይ የኔ እመቤት፣ እንዳታሳፍሪኝ» እያለ መድኃኒቱን ይዞ የመጀመሪያው ሆኖ ተሻገረ። ከዚያ አራቱ መኪናዎች ወደኛ መጡ። ከኋላ የተኛ አንድ ታማሚ በክንዱ ተደግፎ ተነሣና «ማነው የሠራው?» አለ። ታደሰ «እኛ» አለው። ምሳ የበላነው ከቆጠራ በኋላ ነው።

መመለሻው። ደብተሬን አቶ ያዕቆብ ከጭቃ አውጥተው ምድጃ አጠገብ አድርቀው ሰጡኝ። የማክሰኞው ገጽ ቀለሙ ፈስሶ አይነበብም፤ ሁለቱ መስመሮች ብቻ ቀርተዋል። ወይዘሮ ማርታ ጥምዝና ኮረሪማ በቅጠል ቋጥረው ሰጥተውኛል፤ በየቤታችሁ የደረሳችሁ እሱ ነው። ስንነሣ መቶው በሙሉ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ሰላምታ የሰጠኝ አሁንም የለም። ሐሰን «ብላ እንጂ፣ እንዳትከሳብን!» ብሎ ጮኸ። እስከ ሚዛን ተፈሪ ድረስ ከበደ ፊቴን እንዳያይ በመስኮት ስመለከት ሄድኩ።

አዲስ አበባ ገብቼ ጽሑፌን ለሻለቃው አቀረብኩ። አንዲት ገጽ ናት። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ስለ ሰላምታ አልጻፍክም» አሉኝ።

«አላየሁም ጓድ ሻለቃ።»

«ታዲያ ሥነ ሥርዓት አላቸው ያልከው ምን አይተህ ነው?»

«ርቧቸው ጠብቀውኛል። መሬት ተንዶባቸው ደግሞ አልሸሹም።»

ብዕራቸውን አነሡና ከገጹ ግርጌ ላይ አቆሙት። «አንተ በቁጥር አትሳሳትም ነበር። በመዝገቡ ሠላሳ ሰባት ናቸው፤ አንተ ሠላሳ ዘጠኝ ብለሃል።»

ስለ ደምሴ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ድረስ ከወረቀቱ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«እሺ፣ እሱ ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠነኛውስ?»

ተረከዜን ገጠምኩና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ሻለቃው ከእግሬ እስከ ራሴ፣ በተለይ መሃሉን፣ አዩኝ። ከዚያ «መቶው እንዳለ ይቀጥል» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ቁጥሩን አላረሙትም።